ዲቦልት ሁለት ጊዜ የማለበት ቀይ ክር

ዲቦልት ሹለር ዳቦ ከመቁረሱ በፊት ገልበጥ አድርጎ ታችኛውን ፊቱን ያያል። ዳቦውን የምትጋግረው አብራው ያደገች ጎረቤቱ ናት። «አመድ ጠቅጥቃበት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ይላል። አመድ አግኝቶበት አያውቅም። አለማግኘቱ ግን አላሳረፈውም፤ ሴትዮዋ የምትሠራውን የምታውቅ ብልጥ ናት ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር የተባለው ላንተ ነው፤ አንተማ ስንጥሩን ስታጣ ገንፎውን ትከሳለህ» ትለው ነበር።

ክፉ ሰው አልነበረም። በቮዥ ተራሮች መካከል በተሸጎጠችው በዚያች ጠባብ ሸለቆ የተወለደ ሁሉ ጥቂትም ቢሆን እንደሱ ነው። እዚያ ሰው የሚኖረው በእጁ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ እግር አለው። የዲቦልት አባት ክር በሰማያዊ ቀለም የሚነከርበትን ጋን አያያዝ ለአንድ መንገደኛ ቀለም ነካሪ በደግነት አሳየ፤ በዓመቱ ያው ሰማያዊ ከተራራው ማዶ በርካሽ ሲሸጥ አየ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ የመንከሪያ ቤቱን መስኮት በማቅ ጋርዶ ሠራ። ልጁ የወረሰውም ይህንኑ ነው፤ እስከ ክርኑ ድረስ ሰማያዊ የሆነ ቀኝ እጅና ያንን ማቅ።

ሸለቆዋ የምትመካበት ሌላም ነገር ነበራት፤ ውሃዋ። ከጠጣሩ አለት ሥር የሚወርደው ውሃ ከመጥራቱ የተነሳ በጎላ ውስጥ ያለ አይመስልም። ጥፍር የምታህል ሳሙና ለአንድ ቤት ልብስ ትበቃለች። የሜዳው አገር በፍታ ሁሉ ታጥቦ መስክ ላይ ሊነጣ ወደዚያ ይመጣል። የአንዱን ሰው ሚስት ብትነቅፍ ምናልባት በአንድ ጽዋ ነጭ ወይን ትታረቅ ይሆናል፤ ውሃውን ከነቀፍህ ግን መጠጥ ቤቱ ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው አታገኝም።

ጊዜው በፈረንሳይ የነገሥታት ወንበር ገና ያልተነቃነቀበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ክር ነጋዴ ሁሉ እንቅልፍ ያጣው ስለ አንድ ቀለም ነበር፤ ስለ ምሥራቁ ቀይ። ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ሳሙና አይነካውም። ሊቃውንቱ በየጉባኤያቸው ስለ እሱ ይከራከራሉ፤ ከቱርኩ ሱልጣን አገር የሚመጣውን ክር እየተረተሩ፣ እያቃጠሉ፣ በአሲድ እየፈተኑ ምስጢሩን ይፈልጋሉ። የሸለቆዋ ባለ ፋብሪካ ጌታ ሄርትሌ ግን ክሩን ከመመርመር ሰውየውን ማስመጣት ይቀላል አለ። የቴሳሊያ ተራራ ሰው የሆነ፣ ከአገሩ ነጋዴዎች ጋር ቪየና ኖሮ ጀርመንኛ የለመደ ግሪካዊ ነካሪ አስመጣ። ስሙ ስታሙሊስ ነው። ውላቸው አጭር ነበር፤ ሠራተኛ ሁሉ ጌታ በሚለውጥበት፣ በኅዳር መጀመሪያ በሚውለው በቅዱስ ማርቲን ዕለት ቀዩ ከወጣ የመንከሪያ ቤቱ ሹም ይሆናል፤ ካልወጣ ደግሞ ሙያ ሳይኖረው አለኝ ብሎ ያታለለ፣ ወይም ኖሮት የደበቀ ወንጀለኛ ነውና ለዳኛ ይሰጣል።

የጌታ ሄርትሌ ሚስት ቀሚሷን ከጭቃው ሰብስባ፣ ዲቦልት ሰማያዊ እየነከረ ደመወዝ እስከሚበላበት የፋብሪካው መንከሪያ ቤት ደጃፍ ድረስ መጣች።

«ዲቦልት፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ሥራ ያንን ሰው ማገዝ ነው።»

«ማገዝ ነው ወይስ መጠበቅ፣ እመቤቴ?»

«ልዩነቱን ካወቅህ ምን ታስለፈልፈኛለህ? እጁ የሚነካውን ሁሉ እይ። ዳኛው ፊት የሚጠራው ምስክር አንተ ነህ፤ ሌላ አንፈልግም። በዚህ አገር ዲቦልት አላየም ከተባለ አልነበረም ማለት ነው።»

ዲቦልት ይህን እንደ ሹመት ቆጠረው። የዚያ መጻተኛ ሰው ነፃነት በምላሱ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ያውቃል። ማወቁ ግን አልከበደውም፤ እንዲያውም ወገቡን ቀና አደረገለት።

ግሪኩ ሥራውን የጀመረው አገር ምድሩን በሚያከረፋ ነገር ነው። የሰነፈጠ የወይራ ዘይት ከአመድ ውሃና ከበግ በጠጥ ጋር እየመታ፣ ክሩን እየነከረ፣ እያሰጣ፣ እንደገና እየነከረ። ወንዙ ዳር የሚያጥቡት ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ይጮሁ ነበር።

«ዲቦልት! በጠጡ ለክሩ ነው ወይስ ለምሳችሁ?»

«የናንተን አይብ ከበላሁ ወዲህ» ይላል ስታሙሊስ ቀና ሳይል፣ «በጠጥ ሽቶ ሆኖብኛል በላቸው።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ዲቦልት አይስቅም። የሚያስቅ ሰው ዓይንህን ከእጁ ላይ ሊያነሳብህ ነው።

ዲቦልት ያላየው ነገር አልነበረም። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ከወንዙ በእፍኙ ጨልፎ ይቀምስና ፊቱን ያጨፈግጋል። ጎላው እሳት ላይ ከመውጣቱ በፊት ጀርባውን ሰጥቶ ያንሾካሹካል።

«ምንድን ነው የምትለው?» ብሎ ጠየቀው አንድ ቀን።

«ጸሎት ነው፣ ወንድሜ።»

«ጸሎት ከሆነ ለምን ጮክ አትለውም?»

«እግዚአብሔር አገሬ እያለሁ ጆሮው ደህና ነበር። እዚህ ደነቆረ እንዴ?»

«ውሃውስ? ምን አድርጎህ ነው ፊትህን የምታጠቁረው?»

ስታሙሊስ ትንሽ አሰበ። «ባዶ ነው» አለ። «ምንም አይልም። አፍ ውስጥ ገብቶ እንዳልገባ ይሆናል።»

ይህች ቃል ከምሳ በፊት ሸለቆውን አዳረሰች። «ውሃችንን ባዶ ነው አለ!» ዲቦልት ወንዙ ዳር ሄዶ በጠርሙስ ቀድቶ ጠጣ፤ እንደ ወትሮው ጣፋጭ ነው። የውሃችንን ስም አስቀድሞ የሚያጠፋው ነገ ሥራው ሲበላሽ የሚያሳብብበት ፈልጎ ነው ብሎ ደመደመ። በዚያ አገር ይህን ያልደመደመ ሰው አልነበረም። ሰው ይዋሻል፣ ዘይት ይበላሻል፣ እንጨት ይረጥባል፤ ውሃው ግን አባቶቻቸው የተጠመቁበት ነውና ተጠርጥሮ አያውቅም።

ክሩ ዘይቱን ጠጥቶ፣ ቀለም የሚያስይዘውን ሸብ ጠጥቶ፣ ቀለሙ ከሚወጣበት ቀይ የተክል ሥርና ከበሬ ደም ጋር የሚቀቀልበት ቀን ደረሰ። ጌታ ሄርትሌ ከነሚስቱ ቆመው ጠበቁ። ስታሙሊስ ክሩን በዱላ ሲያነሳው የወጣው ቀይ አልነበረም፤ የሰነበተ ጉበት የመሰለ ነገር ነው። በሳሙና ሲያፈሉት ደግሞ ጡብ መሰለ። ግሪኩ ክሩን በጣቶቹ መካከል አሸው።

«እንደገና» አለ።

እንደገናም ያው ጡብ ነው።

«አገርህ ሳለህ እንዲህ አድርጎህ ያውቃል?» አለ ጌታ ሄርትሌ።

«አያውቅም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያስ እዚህ ምን ለወጥህ?»

«ምንም አልለወጥሁም።»

«ምንም ያልለወጠ ሰው ምንም አይለወጥበትም።»

ስታሙሊስ ሙያውን የተማረው ከአባቱ እጅ ነው እንጂ ከአባቱ አፍ አይደለም። የሚሠራውን ሁሉ ያውቃል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን የጠየቀው ሰው የለም፣ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። የደበቀ ሰው ቢጨንቀው አውጥቶ ይሰጣል። የማያውቀውን ደብቀሃል የተባለ ሰው ግን ምን አውጥቶ ይስጥ? ደረቱን ቢከፍቱት እንኳ የሚያገኙት ተጨማሪ ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ለተጠራጣሪ ሰው ከቃል ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ግሪኩ የሃይማኖቱ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶበት ተራራው ላይ ወጥቶ በሚጸልይበት እሑድ፣ ዲቦልት ሳጥኑን ፈተሸ። አንድ ትንሽ የእመቤታችን ሥዕል፣ ሁለት እጀ ጠባብ፣ የደረቀ በለስ። የሳጥኑን ድርብ ወለል ፈለገ፤ የለም። ሥዕሉን ከጀርባው መታ መታ አደረገው፤ ድፍን እንጨት ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ከበፊቱ ይልቅ ተረበሸ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው እንዴት አንድም የሚደብቀው ነገር አይኖረውም?

ያኔ ነው ዘዴው የመጣለት። ሰውየው ጎላውን ሆን ብሎ የሚያበላሸው ከሆነ፣ ሰውየው የሌለበት ጎላ አይበላሽም። ሸብ የጠጣና ለመጨረሻው ቅቅል የተዘጋጀ ጥቅል ክር ከማስጫው ሰርቆ፣ ቀይ ሥሩንም በከረጢት ቋጥሮ፣ የበሬውን ደም ግሪኩ ከሚገዛበት ሉካንዳ በቅል አስሞልቶ፣ የራሱን ትንሽ ጎላ ተሸክሞ ወደ እህቱ ወደ ሰሎሜ ወረደ። ሰሎሜ ያገባችው ከተራራው በታች፣ የወይን ተክል ባለበት ነጭ ኮረብታ ላይ ነው።

«ምነው ድስት ተሸክመህ መጣህ? የኔን ድስት መርዝ አለበት ብለህ ነው?» አለችው።

«የራሴን ነው የማምነው።»

«ውሃስ ለምን አልያዝህም?»

«ውሃ ይዞ ዘመድ ቤት የሚሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይልቅ እሳት አንድጅልኝ፤ በሩንም ዝጊው።»

ግሪኩ ሲያደርግ ያየውን ሁሉ አደረገ፤ ጸሎቱን ብቻ ተወው። ሰሎሜ በበኩሏ የባሏን ሸሚዝ እያሸች ስለ ኑሮዋ ታማርራለች፤ «ያባታችን ቤት ውሃ ይሻለኝ ነበር፣ እዚህ ሳሙናው ያልቃል እንጂ አረፋ አይወጣውም» እያለች። ዲቦልት አልሰማትም። ጎላው ውስጥ ያለው ክር መልኩን እየለወጠ ነበር። በዱላ አነሳው። ቀይ ነው። እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ፣ እንደ ገና ያልደረቀ ቁስል ቀይ። በሳሙና አፈላው፤ ይባስ ደመቀ።

«ማርያምን!» አለች ሰሎሜ፣ ሉተራዊት መሆኗን ረስታ። «እንዲህ ያለ ቀለም ሠርተህ ነው ፊትህን የምታኮማትረው?»

«ያዝሁት» አለ ዲቦልት። «ሌባውን ያዝሁት።»

በማግስቱ ክሩን ጌታ ሄርትሌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ስታሙሊስን አስጠሩት። ግሪኩ ገና ከበሩ ሲያየው አንድ ድምፅ አወጣ፤ የሐዘን ይሁን የደስታ አልታወቀም። ክሩን አንስቶ ሳመው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይኸው! ይኸው እሱ ነው! የት ሠራኸው? ወንድሜ፣ የት ነው የሠራኸው?»

ዲቦልት እመቤቲቱን አየ። እመቤቲቱም ዲቦልትን አየች። ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ፤ የተያዘ ሰው መውጫ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት እንዳዩት ነው።

«ምን አስጠየቀህ?» አለው ዲቦልት። «የትስ ብሠራው? አንተ ከሌለህ ይወጣል። አንተ ካለህ አይወጣም።»

«ስማኝ እንጂ! ቦታውን ብቻ ንገረኝ!»

«ስሰማህ ነው የከረምሁት።»

የማርቲን ዕለት ዳኛው ፊት ዲቦልት ሰማያዊ ቀኝ እጁን አንስቶ ማለ። ሰውየው የነካው ክር ሁሉ እንደተበላሸ፣ ያው ክር በዚያው ሥርና በዚያው ደም ሰውየው በሌለበት ቀይ እንደሆነ መሰከረ። ከቃሉ አንዲቱ እንኳ ሐሰት አልነበረችም። ስታሙሊስን የከተማው እስር ቤት ዋጠው፤ በጸደይ ወደ ባሕር ወደቡ፣ የቀዛፊዎች እስር ወደሚባለው የሰንሰለት ጉልበት ሥራ እንደሚወሰድ ተነገረ። ከዚያ የሚመለስ ጥቂት ነው።

ዲቦልት የቀዩ ጎላ ሹም ሆነ። ሴቶቹ ከወንዙ ዳር፣ «ጌታ ዲቦልት! አሁንማ እጅህ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ ሊሆን ነው፤ ሚስት ስትፈልግ በየትኛው ትጨብጣታለህ?» አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያም ግሪኩ ያሰናዳውን የቀረውን ክር ጎላው ውስጥ ከተተና እሳቱን አነደደ።

ጡብ ወጣ።

ሁለቱን ረዳቶቹን ጠረጠረና አሰናበታቸው፤ ብቻውን ሠራ። ጡብ። ግሪኩ ከመታሰሩ በፊት ክሩ ላይ ትብትብ አድርጎበት ይሆናል ብሎ ከዘይቱ ጀምሮ በራሱ እጅ አዲስ ክር አሰናዳ። ዋዛ ሥራ አይደለም፤ የበረዶው ወራት በዚያ ሊያልቅ ደረሰ። ያም ጡብ ሆነ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ዲቦልት የሚጎረጉረው ሌላ ሰው ሲያልቅበት እጁ የገዛ ራሱን አገኘ። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሌባ እንደሚመረምር ሰው፣ ራሱን ጠየቀ። ሰሎሜ ቤት የነበረ፣ እዚህ የሌለ ምንድን ነው? ክሩ የዚህ ነው። ሥሩ የዚህ ነው። ደሙ የዚህ ነው። ጎላው የገዛ ጎላው ነው። እጁም ይኸው እጁ ነው። ሁሉንም ከዚህ ተሸክሞ ወርዷል፤ ከዚያ የተዋሰው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሐሳቡን ሊያባርረው ሞከረ። የአባቶቹ ውሃ ነው። በእሱ ላይ መጠርጠር እናትን እንደመጠርጠር ሆነበት፤ ቢሆንም የለመደ ጥርጣሬ አንዴ ከተነሳ እናትም አይምር። ከሰሎሜ ጉድጓድ አንድ እንስራ፣ ከወንዙ ሌላ እንስራ ሞልቶ፣ ክዳናቸውን በሰም አትሞ፣ ከተማ ወደሚኖረው መድኃኒት ቀማሚ ወደ ኢመር ሄደ።

ኢመር ሁለቱን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቀዳ። ከጎምዛዛ ቅጠል ከተሠራ ጨው ጥቂት በጥብጦ በእያንዳንዱ ጠብ አደረገ። የወንዙ ውሃ እንደነበረ ቀረ። የሰሎሜ ውሃ ወተት የነካው ያህል ደፈረሰ።

«አስማት ነው?» አለ ዲቦልት ወንበሩን ወደ ኋላ እየሳበ።

«ስዊድን የተማረ አንድ ልጅ ነው ያሳየኝ፤ እሱም ከመምህሩ አየ። የምታየው ነጭ ነገር ኖራ ነው። እህትህ ያለችበት ኮረብታ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው እያሟሟ ይዞት ይወጣል።»

«የኛውስ?»

«የናንተ ንጹሕ ነው።» ኢመር ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። «የቀዩ ሥር ቀለም ኖራ ካላገኘ እንደማይጨብጥ እገምታለሁ። ግሪኩ አገር ውሃው ከነኖራው ስለሚወርድ ማንም ልብ አላለውም። ዓሣ ውሃ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ያውቃል?»

ዲቦልት እንስራዎቹን ተሸክሞ እያሰበ ተመለሰ። ሙያ ድንበር ሲሻገር የሚታየውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የማይታየውን እዚያው ትቶ። የቀረውን ደግሞ ባለሙያው ራሱ አያውቀውም፤ ሳይጎድልበት ኖሮ እንዴት ሊያውቀው ይችላል? ግሪኩ ግን ጠረጠረ። ባዶ ነው ብሎ ነበር። በዚያ ሸለቆ ትክክለኛውን ነገር የጠረጠረ ሰው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም አሰሩት።

ዲቦልት የነጭ ኮረብታውን ድንጋይ ፈጭቶ በወንዙ ውሃ ላይ ጨመረና አንድ ጥቅል አቀለመ። ወጣ። ጌታ ሄርትሌ ዘንድ ይዞት ሄደ፤ የሆነውንም ሁሉ ተናገረ።

ባልና ሚስት ክሩን እያገላበጡ ሰሙት። ጌታ ሄርትሌ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«መልካም» አለች እመቤቲቱ። «እንግዲህ ምን ጎደለን? ድንጋዩ በጋሪ ይመጣል።»

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ስታሙሊስ ነዋ፣ እመቤቴ። በጸደይ ወደ ወደቡ ሊወስዱት ነው።»

«አንተ የማልኸው ሐሰት ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ልትል ነው? ልጄ፣ ቃልህን ብታነሳ ሰውየው ተመልሶ ሹም ይሆናል፤ ወይም ያወቅነውን ይዞ ለሌላው ይሄዳል። አንተ ደግሞ በሐሰት የማለ ትባላለህ። እኛም አንተም እንጠፋለን። አሁን የጠፋው አንድ ነው።»

ዲቦልት ወደ ጌታ ሄርትሌ ዞረ። «ጌቶች ምን ይላሉ?»

«እኔ ምንም አላልሁም» አለ ጌታ ሄርትሌ፣ ከመስኮቱ ሳይዞር።

ዲቦልት ዕድሜውን ሙሉ ሰዎች የሚደብቁትን ሲፈልግ ኖሮ፣ በመጨረሻ የተደበቀ ነገር ሲያገኝ ራሱ የመደበቂያው ክዳን እንዲሆን ተጠየቀ። ከዚያ ቤት ወጣ። ወንዙን ተሻግሮ ቤቱ ሊገባ ሲል እግሩ እንቢ አለው። ቀጥታ ወደ ከተማ ሄደ።

ዳኛው ቁርስ ላይ ነበሩ፤ የኮመጠጠ ጎመናቸውን እያላመጡ ሰሙት።

«ቆይ፣ ቆይ። በመጀመሪያ ሰውየው ከሌለ ቀዩ ይወጣል ብለህ ምለሃል። አሁን ደግሞ ሰውየው ባይኖርም አይወጣም ትላለህ። የትኛው ነው እውነቱ?»

«ሁለቱም፣ ጌታዬ።»

«ስንት ሰጡህ?»

«ማን?»

«ግሪኮቹ ናቸዋ! ቪየና ያሉት ነጋዴዎቹ። ስንት ሰጡህ?»

ዲቦልት ያለመቀበሉን በምን ያሳይ? ኪሱን ቢገለብጥ፣ ባዶ ኪስ ብልጥ ቦታ የደበቀ ሰው ኪስ ነው፤ እሱም ቢሆን እንዲያ ነበር የሚለው።

«መድኃኒት ቀማሚው ይጠራ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ብርጭቆ ይዞ ይምጣ። እኔን አትመኑ።»

ኢመር መጣ፤ ውሃው በዳኛው ዓይን ፊት ደፈረሰ። ዳኛው በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ግሪኩን ፈቱት። ዲቦልትን ግን አልማሩትም፤ በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ የማለ ሰው ነውና፣ ከእንግዲህ በዚያ አገር ችሎት ምስክርነቱ እንዳይቆጠር ፈረዱበት። ፍርዱም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በሕዝብ ፊት ተነበበ። ጌታ ሄርትሌም በዚያው ሳምንት ሌላ የጎላ ሹም ቀጠረ።

ስታሙሊስ ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ ጢሙ አድጎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይኑን አጨንቁሮት ነበር። ዲቦልት ሳጥኑን ይዞለት ቆሟል። ግሪኩ ሳጥኑን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ሥዕሉን፣ እጀ ጠባቦቹን፣ በለሱን አንድ በአንድ አየ። ዲቦልት ቀይ ጥቅሉን ከኮቱ አውጥቶ ዘረጋለት።

«ውሃው ነው» አለው። «ኖራ ይፈልጋል። የኛ የለውም፣ የናንተ አለው። የነጭ ኮረብታውን ድንጋይ ፈጭተህ ትጨምርበታለህ፣ በቃ። ለአንድ ጎላ ከእፍኝ የሚበልጥ አያስፈልግም።»

ስታሙሊስ ክሩን አልነካውም። «ይህን ለምን ትነግረኛለህ?»

«ያንተ ስለሆነ።»

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«እሷ ናት። እመቤቲቱ። የቀረ ነገር አለ፤ የመጨረሻው እጥበት እንቢ ብሏችኋል፣ አይደል? እንዳሳይህ ፈልገህ ነው።»

«አይደለም፤ ወጥቶልኛል እኮ! ይኸው እየው!»

«ያኔም ቀይ ክር አምጥተህ ነበር።»

ዲቦልት ፊት ለፊቱ የቆመውን ፊት ያውቀዋል። የጠበበውን ዓይን፣ የተያያዘውን ቅንድብ፣ መልስ ሲሰማ ከመልሱ ጀርባ ያለውን የሚፈልገውን ዝምታ ያውቀዋል። ከውጭ አይቶት ግን አያውቅም ነበር።

«እህቴ ዘንድ ውረድ» አለ። «ጉድጓዷ ያው ነው። ጎላም አለ። ራስህ ሥራውና ራስህ እየው፤ እኔ በሩ ላይም አልደርስም።»

«እህትህ እንዳንተ ናት?»

«ከኔ ትሻላለች። ትሳደባለች እንጂ አትጠረጥርም።»

ስታሙሊስ ሳጥኑን ዘግቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ወደ ነጭ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ በበረዶው መካከል ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ዲቦልት እንደ እንግዳ አክባሪ ገለል ብሎ መንገዱን ለቀቀለት።

«አንተ ቅደም» አለው ግሪኩ።

«እኔ?»

«አዎ። እጅህን ከኪስህ አውጣና ቅደም። ከኋላዬ ሆነህ እንድትሄድ አልፈልግም።»

ዲቦልት አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን እንደ ማንኛውም ሰው ነጭ የሆነ እጁን አውጥቶ ቀደመ። ብርዱ ጣቶቹን ቆረጠማቸው፤ ኪሱ ውስጥ ሊመልሳቸው አሰበና ተወ። የሰውየው እርምጃ ከኋላው፣ ሳይቀርብም ሳይርቅም፣ በረዶውን እያንኮሻኮሸ ይከተለዋል። ማጅራቱ ላይ የሚያርፍ ዓይን ይህን ያህል እንደሚከብድ ነግሮት የሚያውቅ አልነበረም። ዞር ብሎ ሊያይ ፈለገ፤ ዞር ያለ ሰው ደግሞ የሚያስበው ክፉ ነገር አለው ይባላል። ስለዚህ ሳይዞር ወረደ።